የልጆቻችን ስኳር ከየት ይመጣል? ጎንደር ላሉ ወላጆች የቀረበ የውይይት ርእስ

ጸሐፊ፦ የማራኪ እናት

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን በማስቀደም፣ በተለይ ጎንደርና አካባቢዋ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ጉዳይ ለውይይት አቀርባለሁ። በቅርብ ጊዜ ከጎረቤቶቼና ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስለ ልጆች ስናወራ ጨዋታችን ደጋግሞ የሚያርፈው ክብደታቸው ላይ ነው። አንዷ ልጇ ደረጃ ሲወጣ እንደሚያለከልክ ትናገራለች፤ ሌላዋ በመስከረም የተሰፋው የደንብ ልብስ ጥር ሳይደርስ እንደጠበበ ታነሣለች፤ ከዚያም ሁላችንም ተባብረን እንጀራን እንከሳለን። የማታውን እንጀራ ከሁለት ወደ አንድ የቀነሱ፣ ለዚያው ልጅ ግን ጠዋት ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ከማርማላታ ዳቦ ጋር የሚያቀርቡ ቤቶችን አውቃለሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ነገሩን በቁጥር ማየት ይቀናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ነፃ ስኳር የሚባለው ከዕለቱ የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ለአዋቂም ለልጅም አጥብቆ ይመክራል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ይገልጻል። ነፃ ስኳር ሲባል ቤት ውስጥ ወይም ፋብሪካ ውስጥ የሚጨመረው ብቻ ሳይሆን ማርና የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂም ይቆጠራሉ፤ በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውና በወተት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ግን አይቆጠርም። በቀን 1500 ካሎሪ ገደማ ለሚያስፈልገው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 10 በመቶው 150 ካሎሪ ነው። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስለሚሰጥ ጣሪያው 37 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በሻይ ማንኪያ ሲለካ ከዘጠኝ ጥቂት ከፍ ይላል። 5 በመቶው ደግሞ አምስት ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

አሁን የአንድ ተራ ቀን ሒሳብ እንሥራ። ሦስት ማንኪያ የገባበት የጠዋት ሻይ 12 ግራም ነው። ለስላሳ መጠጥ በተለምዶ በየ100 ሚሊ ሊትሩ 10 ግራም ያህል ስኳር ስለሚኖረው፣ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ 30 ግራም ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ብቻ 42 ግራም ሆኑና ከጣሪያው አለፍን፤ ብስኩቱ፣ ማርማላታውና የመክሰሱ ሻይ ገና አልተደመሩም። እንጀራ በዚህ ስሌት ውስጥ አንድም ጊዜ ስሙ አልተነሣም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፣ የልጆችን ስኳር መቀነስ የሚፈልግ ቤት ከመሶቡ በፊት ብርጭቆውን ይመልከት የሚል ነው። እኛ ቤት ለስላሳ የበዓል ብቻ ሆኗል፤ የሻዩን ስኳር ደግሞ በአንድ ጊዜ ከማጥፋት በግማሽ በግማሽ ማንኪያ እየቀነስን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ እየጨመርን ልጆቹ ሳያጉረመርሙ ለመድነውታል። የሚከብደኝ ከቤት ውጪ ያለው ነው፦ አያት ቤት፣ የልደት ግብዣ፣ የትምህርት ቤት በር። እናንተ እንዴት ተወጣችሁት? የጤና ባለሙያ ካለ ደግሞ አስተያየቱን ብሰማ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ ቀሃ ማዶ

እህታችን የሠሩት ሒሳብ ትክክል ነው፤ ሆኖም እንጀራን ነፃ የለቀቁበት ፍርድ አልተዋጠልኝም። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ድንችም ሆድ ውስጥ ከገቡ በኋላ መጨረሻቸው ደም ውስጥ የሚገባ ግሉኮስ ነው። እኔ ራሴ ክብደቴ በጨመረ ጊዜ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ እርግፍ አድርጌ ትቼ በእንቁላል፣ በሥጋና በጎመን ብቻ ስቆይ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጄም ወፈር ብሏል። ለአባት የበጀው አመጋገብ ለልጅ የማይበጅበት ምክንያት አይታየኝም፤ እንዲያውም ልማዱ ሳይጠነክር በልጅነት ማስተው ይቀላል ባይ ነኝ። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው ካለ በምክንያት ያስረዳኝ።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በጥሞና አንብቤያለሁ። ወንድማችን ምክንያት ስለጠየቁ ዘርዘር አድርጌ ብጽፍ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

አዋቂ ሰው የራሱን ሰውነት እየታዘበ የሚያደርገውን ሙከራ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ላይ እንዲሁ ማዛወር አይቻልም። ልጅ በየወሩ አጥንት፣ ጡንቻና ደም እየገነባ ነው፤ አንጎሉም ከሰውነቱ መጠን አንጻር ሲታይ ከአዋቂው ይልቅ ብዙ ግሉኮስ ይፈልጋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው ወይም ለሕመሙ ለተጋለጡ ልጆች እንኳ ካርቦሃይድሬትን (እንደ እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ያሉትን ኃይል ሰጪ ምግቦች) እጅግ የሚቀንስ አመጋገብ ያለ ቅርብ የሐኪም ክትትል እንዳይሰጥ አሳስቧል። ከምክንያቶቹ መካከል የዕድገት መጓተት፣ የንጥረ ምግብ እጥረትና ልጁ ከምግብ ጋር ያለው ግንኙነት መበላሸት ይገኙበታል። ያው ዘገባ ጣፋጭ መጠጦችንና ንጥረ ነገራቸው የተሟጠጠ የፋብሪካ ምግቦችን መቀነስን ግን ይደግፋል። ካርቦሃይድሬትን ፈጽሞ የሚያስቀር ያህል የጠበቀ አመጋገብ ለልጆች በሕክምና የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ በመድኃኒት አልቆም ላለ የሚጥል በሽታ። ያ ግን በሆስፒታል ክትትል የሚደረግ ሕክምና ነው።

«መጨረሻው ግሉኮስ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ቁም ነገሩ ግሉኮሱ በምን ፍጥነት፣ ከምን ጋር ተያይዞና ምን ያህል አጥግቦ እንደሚደርስ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ገለፈቷን ለይቶ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ አብራ ትፈጫለች፤ አሰሯም (ፋይበሯም) ብረቷም ዱቄቱ ውስጥ ይቀራሉ። ለዳቦ፣ ለብስኩትና ለቦምቦሊኖ የሚውለው የፉርኖ ዱቄት ግን ገለፈቱና ፅንሱ ወፍጮ ቤት ቀርተው ስታርቹ ብቻ የተረፈው ስንዴ ነው። እንጀራ ደግሞ ብቻውን አይበላም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ አብረውት ይገባሉ። ይህን ስል ግን እንጀራ አይበዛም ማለቴ አይደለም። ወጡ ለስሙ ተነክሮበት እንጀራው ብቻ የሚበላበት ገበታ ሲያጋጥም፣ ወጡን ማብዛትና እንጀራውን መጠነኛ ማድረግ ተገቢ ነው። በእኛ አካባቢ ዳጉሳ ቀላቅሎ መጋገርም የቆየ ልማድ ስለሆነ «የድሃ እንጀራ» ብሎ መናቁ ቢቀር መልካም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ካርቦሃይድሬት ያወጣው መመሪያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። መመሪያው ካርቦሃይድሬት በዋናነት ካልተፈተገ እህል፣ ከአትክልት፣ ከፍራፍሬና ከጥራጥሬ እንዲገኝ ይመክርና ለልጆች መጠን ያስቀምጣል። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት በቀን ቢያንስ 250 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም 15 ግራም አሰር፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉት 350 ግራምና 21 ግራም፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ደግሞ እንደ አዋቂው 400 ግራምና 25 ግራም ይላል። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከገበታ ከወጡ ይህን የአሰር መጠን በጎመን ብቻ መሙላት ይከብዳል።

ፈሳሽ ስኳርን የተለየ የሚያደርገው ደግሞ ሆድ እንደ ምግብ አለመቁጠሩ ነው። አንድ ልጅ 120 ካሎሪ በቆሎ እሸት ቢበላ መክሰሱን ይቀንሳል፤ ያንኑ ያህል በለስላሳ ቢጠጣ ግን መክሰሱን እንደ ወትሮው ይበላል። የስኳሩ ግማሽ ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ስለሆነም የሚስተናገደው በአብዛኛው በጉበት ነው፤ ከፍላጎት በላይ በየቀኑ ሲገባ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዋን ጸሐፊ ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።

ለቀሃ ማዶ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ በእርግጥ ወፍሮ እንደሆነ በዓይን አይፍረዱ። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የክብደትና የቁመት ምጣኔው ከዕድሜና ከጾታ ጋር ተነጻጽሮ በሰንጠረዥ ይታያል፤ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ሊለካው ይችላል። ወፍሮ ከተገኘም ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው ክብደቱን ማውረድ ሳይሆን ባለበት እንዲቆይ አድርጎ ቁመቱ እንዲደርስበት መጠበቅ ነው። ይህ ዕድል ለእኔና ለእርስዎ የለንም፤ እኛ ቁመታችንን ጨርሰናል።

ምላሽ፦ ቀሃ ማዶ

ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስለካዋለሁ። የፉርኖ ዳቦውን ግን አልመልሰውም፤ እሱን እርስዎም የተከራከሩለት አይመስለኝም።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

በዚያ ላይ ተስማምተናል።

ምላሽ፦ የአዘዞው አያት

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን የልጅ ልጄ አንብቦልኝ ነው ይህን የማስጽፈው። እኛ የ1977ን ክፉ ቀን ያየን ሰዎች ነን። ያኔ የልጅ ጉንጭ ሲሞላ ማየት ምስጋና ነበር፤ ስኳር በቀበሌ በራሽን የምትገኝ ስለነበረች ለእንግዳና ለታማሚ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሲመጡ ባዶ እጄን ከምቀበላቸው ብስኩትና ከረሜላ ገዝቼ ብቆይ ምን ክፋት አለው? ደግሞም ከትንሹ ጋር ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሻይ የምንጠጣባት ሰዓት ለእኔ ከመድኃኒት ትበልጣለች። እናቱ «አባዬ ስኳር አታብዛበት» ባለችኝ ቁጥር ፍቅሬ የተለካ ይመስለኛል። ሐኪሙ ያሉትን አልቃወምም፤ ነገር ግን ለሽማግሌ የሚነገርበት አነጋገር ይታሰብበት።

ምላሽ፦ የማራኪ እናት

አባታችን፣ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል፤ ከእኔ አባት ጋርም በዚሁ ጉዳይ ተቀያይመን እናውቃለን። እኛ ቤት መስማማት የቻልነው «አትስጣቸው» ማለት ትተን «ይህን ስጣቸው» ማለት ስንጀምር ነው። አባቴ አሁን ልጆቹ ሲመጡ ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም የተቀቀለ እንቁላል አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ በእሸት ጊዜ ደግሞ የባቄላና የሽምብራ እሸት ከገበያ ያመጣላቸዋል። ይህን ከብስኩት አስበልጠው እንደሚወዱት ያየነው እሸቱን አብረውት እየፈለፈሉ ስለሚጫወቱ ነው። የሻይዋን ሰዓት ማንም አይንካብዎ። ስኳሯን ግን ልጁ ራሱ እንዲጨምር ማንኪያውን ይስጡትና ለሁለታችሁም አንድ አንድ ትሁን።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

ጋሼ፣ አነጋገራችን ይታሰብበት ማለትዎ ተገቢ ነው። ስለ ሻይ ግን አንድ ነገር ልበል፤ ይህኛው ስኳሩን አይመለከትም። ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው ያግደዋል። ስለዚህ ልጅ ሻይን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ወዲያው ባይጠጣ ይመረጣል። የእናንተ የበረንዳ ሻይ ከምሳ ራቅ ያለች ከሆነች ሰዓቷ ጥሩ ነው። ምግቡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ብርቱካን ማስከተል ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ብረቱን ያስወስዳል።

ምላሽ፦ መምህር ነኝ

የምጽፈው በትምህርት ቤት በኩል ስለማየው ነው፤ የማስተምርበትን መጥቀስ አያስፈልግም።

ወላጆች ስለ ምሳ ዕቃ ብዙ ትጨነቃላችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ውኃ ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆች ሮጠው፣ ላብ በላብ ሆነው ይመጣሉ። ቧንቧው ውኃ በሌለበት ቀን የቀረበላቸው ፈሳሽ ከበሩ ላይ የሚሸጠው ባለ ቀለም ጣፋጭ መጠጥ ብቻ ነው። የጠማው ልጅ ስለ ስኳር መቶኛ አያስብም። የውኃ መያዣ ይዞ የመጣ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ በሩ አይሄድም። ይህን ለወላጆች ስብሰባ ባቀረብሁ ጊዜ አንዳንዶች ነገሩን አቅልለው አይተውት ነበር፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ መፍትሔ አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር የእኛ የመምህራኑ ነው። ጥያቄ ለመለሰ ተማሪ ከረሜላ መሸለም በብዙ ክፍሎች የተለመደ ሲሆን፣ በተለይ ታችኛው ክፍል ላይ በየቀኑ ይደረጋል። ከረሜላ ጥርስንም ይጎዳል፤ ከዚያ በላይ ግን ጣፋጭ ነገር የጉብዝና ዋጋ ነው የሚል ትምህርት ልጁ ውስጥ ይተክላል። በእኔ ክፍል ሽልማቱ ቀጣዩን ጨዋታ የመምረጥ መብት ሆኗል፤ ፉክክሩም ከበፊቱ አልቀነሰም።

ሦስተኛ፣ ስለ እንቅስቃሴ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመከራል። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የሞላባት ከተማ ናት፤ ከፒያሳ ወደ ቀበሌው በእግሩ የሚመላለስ ልጅ ይህን ሳያውቀው ያሟላል። ዛሬ ግን በባጃጅ ከበር ተጭኖ በር ላይ የሚወርደው ልጅ ብዙ ነው፤ ማታ ደግሞ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። የመንገዱን ደኅንነት የሚያውቀው እያንዳንዱ ወላጅ ስለሆነ ሁሉም በእግሩ ይሂድ ብዬ አልፈርድም። በሚቻልበት ቦታ ግን ትላልቆቹ ልጆች ተሰባስበው ቢሄዱ እወዳለሁ።

ምላሽ፦ ባለ ሱቅ

ትምህርት ቤት አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለኝ። በዚህ ውይይት ውስጥ እንደ ተከሳሽ ስለተቆጠርሁ ቃሌን ልስጥ።

ብስኩትና ከረሜላ የምሸጠው ልጅ ለመጉዳት አይደለም። ብስኩት ወራት ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ሙዝ ግን ሳይሸጥ ከሰነበተ ጠቁሮ ኪሳራው የእኔ ነው። ሱቄ ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ ያስቀመጠው የለስላሳ አከፋፋዩ ስለሆነ ውስጡ ሌላ ነገር ላስቀምጥ ብል ይከለክለኛል። ልጆች ይዘው የሚመጡት ገንዘብም ጥቂት ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚገኘው ደግሞ ጣፋጭ ነገር ነው። የለስላሳና የስኳር ዋጋ ከፍ ያለበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ሱቅ ግን ልጆቹ መግዛት አላቆሙም፤ ወደ ትንሹ ጠርሙስና በላስቲክ ወደሚሸጠው ባለ ቀለም መጠጥ ዞሩ እንጂ።

የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር መሸጥ ከጀመርሁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ፤ ትልልቆቹ ተማሪዎች ይገዙታል። ቆሎ አይበላሽም፤ ትርፉም ከብስኩት አያንስም። ወላጆች ልጆቻችሁን «ከሱቅ አትግዙ» ብላችሁ ከምትከለክሉ «ቆሎ ግዙ» ብላችሁ ብትልኩ እኔም ዕቃዬን እለውጣለሁ። ነጋዴ የሚሄደው ገዢ ወደሄደበት ነው።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

የባለ ሱቁ አስተያየት ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ስለ ቆሎ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፦ ዕድሜያቸው ከአራት፣ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ደረቅ ቆሎም ሆነ ሙሉ ለውዝ አይሰጥ፤ አየር ቧንቧ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ለእነሱ በደንብ የበሰለና የተደቆሰ ንፍሮ ወይም በሶ ይሻላል።

ምላሽ፦ ከደንቢያ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ውይይት የጥቂት ቤቶች ጭንቀት ይመስለኛል። እኔ ቆላ ድባ አካባቢ ነው ያደግሁት፤ አሁንም ዘመዶቼ እዚያው ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገራችን ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የቀነጨሩ ነበሩ። ከመጠን በላይ ወፍረው የተገኙት ግን በአገር ደረጃ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ልጆቻችን የሚሠቃዩት በማጣት ሆኖ ሳለ እኛ ስለ ማግኘት ጣጣ እንከራከራለን። ቅድሚያ የሚሰጠው ለየትኛው ነው?

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

የጠቀሷቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ ጥያቄውም መነሣት ያለበት ነው። እኔ ግን ሁለቱ ችግሮች ከአንድ ማጀት ሲወጡ ስለማይ ተቃራኒ አድርጌ አልመለከታቸውም።

ጠዋት በስኳር ሻይና በብስኩት ሆዱ የተሞላ ሕፃን ኃይል አግኝቷል፤ ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ግን አላገኘም። ሆዱ ትንሽ ስለሆነች የሻዩ ቦታ የእንቁላሉ ቦታ ነበር። ይህ ልጅ ገጠር ውስጥ ሲሆን ይቀነጭራል፤ ከተማ ውስጥ ሆኖ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ይወፍራል፤ አንዳንዱም በሕፃንነቱ ቀንጭሮ በትምህርት ቤት ዕድሜው ይወፍራል። ቁመቱ አጥሮ ክብደቱ የጨመረ ልጅ በኋለኛው ዕድሜው ለስኳር ሕመምና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። ስለዚህ ለደንቢያም ለማራኪም የምሰጠው ምክር ይመሳሰላል፦ የስኳሩን ሻይ ከሕፃኑ ፊት አንሥታችሁ እንቁላል፣ ወተት፣ የሽምብራና የባቄላ ገንፎ በቦታው ተኩ። ደንቢያ ራሷ የሽምብራ አገር ናት፤ ጣናም ዓሣውን ይዞ ከጎርጎራ ቅርብ ነው።

አስቀድሞ መጠንቀቅን በተመለከተ አንድ ጥናት ልጥቀስ። በብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቀጠለው የስኳር ራሽን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ተነሣ፤ ወዲያውም የሕዝቡ የስኳር ፍጆታ እጥፍ ገደማ ሆነ። ራሽኑ ሳይነሣ የተፀነሱና ሕፃንነታቸውን ያሳለፉ ሰዎች ከተነሣ በኋላ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአዋቂነታቸው ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ ገደማ፣ የደም ግፊት ዕድላቸውም በ20 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት አሳይቷል። እነዚያ ልጆች ስኳር ፈጽሞ አልተነፈጉም፤ የሚደርሳቸው መጠን ዛሬ ከሚመከረው ጋር የሚቀራረብ ነበር። የአዘዞው አባታችን በራሽን ዘመን ስኳር ለእንግዳና ለታማሚ ትቀመጥ ነበር ያሉትን ሳነብ ያስታወሰኝ ይህንኑ ነው።

በዓለም ደረጃም ነገሩ እየተለወጠ ነው። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆችና ወጣቶች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ቁጥር ከከሱት በልጧል። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ገና እዚያ አልደረሱም፤ ለመዘግየታቸው ምክንያቱ ግን ጥንቃቄ ሳይሆን ድህነት ነው።

ምላሽ፦ ከደንቢያ

ማጀቱ አንድ ነው ማለትዎን ተቀብያለሁ። ቅድሚያው ግን አሁንም ለቀነጨረው ነው እላለሁ።

ምላሽ፦ ጾመኛ ቤት

ሁላችሁም እንቁላልና ወተት ትላላችሁ፤ ልጆቼ ትልልቅ ስለሆኑ ዐቢይ ጾምን ከእኛ ጋር ይጾማሉ። በጾም ጊዜ ምሳ ዕቃቸው ያው ፓስታ፣ ሩዝ፣ ዳቦ በማርማላታ ሆኖብኛል። ጾሙ ራሱ ካርቦሃይድሬት አብዝቶብናል ማለት ይቻላል። ምን ይደረግ?

ምላሽ፦ የማራኪ እናት

እኛ ቤት የሚሠራውን ልንገርሽ እህቴ። የሽምብራ ዱቄት በሽንኩርትና በቃሪያ አቡክቼ እንደ ቂጣ እጋግርና እየቆረጥሁ ምሳ ዕቃ ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ቢቀዘቅዝም ይበላል። ምስር ወጡን ወፍራም አድርጌ በእንጀራ እጠቀልለዋለሁ፤ እንዲህ ሲሆን አይፈስም፤ ልጁም በጓደኞቹ ፊት እጁን ሳያቆሽሽ ይበላዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ባቄላ ንፍሮ ከካሮት ጋር ነው። ማርማላታውን የተካሁት በለውዝ ቅቤ ነው፤ ነገር ግን ከሱቅ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ፤ ስኳር የተጨመረበት ብዙ ነው፤ እኔ ለውዙን ቆልቼ ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ። የሱፍ ፍትፍትም ለቁርስ ይሆናል፤ ስኳር ሳይገባበት በጨውና በጥቂት በርበሬ።

ፓስታውን ፈጽሞ አላስቀረሁም፤ ከግማሹ በላይ አትክልትና ምስር ይሆናል። ልጆቹ መጀመሪያ ምስሩን እየለቀሙ ያወጡት ነበር፤ ደቁሼ ከስጎው ጋር ካዋሃድሁት ወዲህ ማንም አይለቅመውም።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

ጥሩ ዝርዝር ነው። ልጅ መቼ ይጹም የሚለው የወላጅና የንስሐ አባት ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም። የሚጾም ልጅ ግን ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 12 እንዳይጎድልበት በፍስክ ቀናት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ሊያገኝ ይገባል። የጾም ጁስ ብላችሁ ከጁስ ቤት የምትገዙለት ስፕሪስም ነፃ ስኳር ነው፤ ሽሮፕ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ። ፍሬውን ራሱን ያኝከው። ለስላሳውን ስኳር አልባ በሚባለው መተካትም አልመክርም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን ለክብደት መቆጣጠሪያ አለመጠቀምን መክሯል፤ የልጁም ምላስ ከጣፋጭ አይላቀቅም።

ምላሽ፦ የኢንሱሊን ልጅ እናት

ልጄ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለባት፤ በቀን ደጋግማ ኢንሱሊን ትወጋለች። ይህን ውይይት ሳነብ ሁለት ነገር ተሰማኝ። አንደኛ፣ ሰዎች ሕመሟን ሲሰሙ «ጣፋጭ አብዝታችሁባት ነው» ይሉናል፤ ይህ ያማል። ሁለተኛ፣ ጎረቤቶቼ እዚህ የተጻፈውን አንብበው ለልጄ ማንኛውንም ጣፋጭ ነገር እንዳይከለክሉባት እሰጋለሁ፤ ስኳሯ በሚወርድባት ጊዜ ያ ጣፋጭ ነው የሚያድናት።

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ ከአራዳ

እህቴ፣ ይህን ማንሣትዎ እጅግ አስፈላጊ ነበር። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው፤ ልጅዎ በበላችው ስኳር ወይም እናንተ ባደረጋችሁት ነገር አልመጣም። በዚህ ውይይት ውስጥ የተባለው ሁሉ የሚመለከተው ጤነኛ ልጆችን ነው። ኢንሱሊን የምትወስድ ልጅ የካርቦሃይድሬቷ መጠንና የመርፌዋ መጠን አብረው የተሰሉ ስለሆኑ፣ አንዱን ያለ ሐኪሟ ፈቃድ መቀነስ ስኳሯን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል።

መምህሩና ባለ ሱቁ ይህን ካነበባችሁ፦ እንዲህ ያለች ልጅ ከተንቀጠቀጠች፣ ካላባት፣ ከወትሮው የተለየ ጠባይ ካሳየች ወይም ንግግሯ ከተምታታ ቤት እስክትደርስ አትጠብቁ። ነቅታ መዋጥ የምትችል ከሆነ ሐኪሟ የወሰነላትን መጠን ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ለስላሳ፣ ስኳር አልባ የሚባለውን ሳይሆን መደበኛውን፣ ስጧት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላት ድገሙላት፤ ሲሻላት ደግሞ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ አስከትሉ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አትስጡ፤ በጎን አስተኝታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ምላሽ፦ መምህር ነኝ

አንብቤያለሁ። በክፍሌ መሳቢያ ውስጥ አንድ መደበኛ ለስላሳና የተጠቀለለ ስኳር ከነገ ጀምሮ ይቀመጣል። ለረዳት መምህሯም ምልክቶቹን ጽፌ እሰጣታለሁ።